አጭር ልብ ወለድን በድምፅ ለማዳመጥ፦ ከምርጫ እስከ ሁለተኛው ማዳመጥ

ከዋሸራ፣ ከጎንጅ ወይም ከዲማ የቅኔ ቤቶች አንዱን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተማሪው ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ የቆየውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ብቻ ሰምቶ፣ የጎደለውን ሞልቶና የተጣመመውን አቃንቶ ይመልስለታል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና አንድ ጊዜ ተብላ ስታልፍ ሰሙን ከወርቁ የሚለይ ጆሮ የሚገኘው በብዙ ልምምድ ነው። እንዲህ ያለ የማዳመጥ ባህል ባለበት በጎጃም እየኖርን፣ በስልካችን የሚተረክልንን አጭር ልብ ወለድ ግን ብዙዎቻችን ሥራ እየሠራን፣ መልእክት እየመለስን፣ መሐል ላይ እያቋረጥን እንሰማዋለን፤ ከዚያም «ታሪኩ ምንም የለውም» ብለን እንተወዋለን። እኔ በደብረ ማርቆስ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ማታ ማታ ታሪክ ማዳመጥ ከጀመርሁ ዓመታት ስላለፉ፣ ያገኘሁትን አሠራር ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መያዝ አለበት። አጭር ልብ ወለድ በአንድ ቁጭታ እንዲያልቅ ተደርጎ የተሠራ ጽሑፍ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚነገረን ነገር መጀመሪያ ላይ የሰማነውን እንደገና እንድናስበው ያስገድደናል። በመጽሐፍ የሚያነብ ሰው ገጹን መልሶ ያያል። የሚያዳምጥ ሰው ግን የሚመልሰው ገጽ የለውም፤ ስለዚህ ታሪኩን ሁለት ጊዜ ማዳመጥ አለበት፤ የመጀመሪያውን ሳያቋርጥ፣ ሁለተኛውን ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ እነዚህ ሁለት ማዳመጦች እንዲሳኩ የሚደረግ ነው።

ታሪኩንና ተራኪውን መምረጥ

ለጀማሪ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ ታሪክ ይበቃል። በእኔ ልምድ ሦስት ሺህ ቃል ገደማ ያለው ታሪክ ረጋ ብሎ ሲነበብ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ከአርባ ደቂቃ የሚያልፈውን ጆሮዎ ከለመደ በኋላ ይምጡበት። ገጸ ባሕርያቱም በመጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ስሞች ሲበዙ፣ በተለይም አባትና ልጅ፣ አማችና ምራት በአንድ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ፣ ጆሮ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ሲታገል ታሪኩ ያመልጠዋል።

የረጅም ልብ ወለድ ትረካ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ጎጃም ውስጥ በመሆኑ ደግሞ ለእኛ የቤት ወሬ ያህል ቅርብ ነው። ይሁንና በተከታታይ ክፍል የሚቀርብ ረጅም ልብ ወለድ ያመለጠንን በሚቀጥለው ሳምንት ይክሰናል። አጭሩ አይክሰንም። አንድ አረፍተ ነገር ካመለጠን የታሪኩ ቁልፍ ሊያመልጠን ይችላል። በብዙዎች ዘንድ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ጀማሪ የሚባለው የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» የወጣው በ1941 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊውም የጎጃም ልጅ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ የሚመረጥ አይጠፋም።

ታሪኩን ከመረጡ በኋላ ተራኪውን ይፈትኑ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ይክፈቱና ሁለት ነገሮችን ያስተውሉ።

አንደኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ይመታል» የሚለው ቃል ተጽፎ ሲታይ አንድ ነው፤ ተራኪው አላልቶ ካነበበው ሰውየው መቺ ይሆናል፣ አጥብቆ ካነበበው ተመቺ ይሆናል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። «ይበላል» እና «ዋና» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በዓይን የሚያነብ ሰው ሲሳሳት መለስ ብሎ ያርማል፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን የሚቀበለው ተራኪው የመረጠለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ቀድሞ ሳያነብ በቀጥታ ወደ ቀረጻ የገባ ተራኪ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያሳያል፦ አጥብቆ ጀምሮ ይቆማል፣ ያላላዋል፣ እንደገና ያነበዋል። እንዲህ ያለውን ይተዉት። ጥሩ ተራኪ ግን ከጽሑፉ በላይ ይሰጠናል፤ ከገጹ ላይ ጥርጣሬ ሆኖ የሚቀረውን ቃል በድምፁ ይፈታልናልና። አልፎ አልፎ ጸሐፊው ሆን ብሎ ለሁለት ትርጉም የተወውን ቃል ተራኪው ወደ አንዱ ያዘነብለዋል፤ መጽሐፉ በእጅዎ ካለ እንዲህ ያለውን ቦታ ማየት በጣም ያስደስታል፣ ቅኔ ለለመደ ሰው ደግሞ ይበልጡን።

ሁለተኛው ከትረካው ጋር የሚሄደው ሙዚቃ ነው። ክራርም ይሁን ዋሽንት፣ መግቢያና መውጫ ላይ ቢሆን መልካም ነው። ከንግግሩ ሥር ያለማቋረጥ የሚጫወት ከሆነ ግን አድማጩ ማዘን ያለበትን ቦታ ሙዚቃው ቀድሞ ይነግረዋል፤ ጸሐፊው በዝምታ ሊሠራ የፈለገውን ሥራ ያበላሽበታል። ድምፁ በተለይ በትንሽ ስፒከር ሲሰማ ቃሉን ስለሚሸፍነው ዕድሜያቸው የገፋ አድማጮች ግማሹን አይሰሙትም።

ማውረድና ማስቀመጥ

በቀጥታ ከኢንተርኔት ማዳመጥ በከተማ ውስጥም ቢሆን አያስተማምንም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ትረካው በአረፍተ ነገር መሐል ይቆማል፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ እንዲህ ያለ መቋረጥ ታሪኩን ይገድለዋል። ስለዚህ አስቀድመው ያውርዱት። ለአንድ ሰው ድምፅ 64 ኪሎቢት በሰከንድ የሆነ ኤምፒስሪ ይበቃል፤ በዚህ ጥራት አንድ ሰዓት ትረካ 29 ሜጋባይት ያህል ነው፣ የግማሽ ሰዓት ታሪክም 15 ሜጋባይት አይሞላም። በእጥፉ፣ ማለትም በ128 የተቀረጸው 58 ሜጋባይት ያህል በሰዓት ይወስዳል፤ ለሙዚቃ ካልሆነ ለንግግር ያን ያህል ልዩነት አይሰማም። በ8 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ በ64 የተቀረጸ ከ270 ሰዓት በላይ ትረካ ይቀመጣል። በቪዲዮ መልክ የቀረበውን ትረካ ማውረድ ግን ለአንድ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ገንዘብ መክፈል ነው፤ የድምፁን ፋይል ብቻ ይፈልጉ። የሌሊት ጥቅል የሚገዛ ሰው የሳምንቱን ታሪክ በአንድ ሌሊት አውርዶ መጨረስ ይችላል።

ፋይሉን ሲያስቀምጡ ስሙን በራስዎ ይጻፉለት፦ የጸሐፊው ስም፣ የታሪኩ ርእስ፣ የሚወስደው ደቂቃ። በቴሌግራም የመጣ ፋይል ብዙውን ጊዜ በቁጥር ብቻ የተሰየመ ስለሆነ ከአንድ ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ደቂቃውን መጻፍ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ቻናል ያወረድሁት ታሪክ፣ አንዲት ሴት የቤቷን በር ከፍታ ቆማ ሳለ አበቃ። እኔም ጸሐፊው ሆን ብሎ ክፍት ያደረገው አጨራረስ ነው ብዬ ለወራት አሰብሁበት፤ ለጎረቤቶቼም እንደዚያው አስረዳሁ። በኋላ መጽሐፉን ሳገኘው ሦስት ገጽ ያህል ይቀረው ነበር፤ ሴትዮዋ በሩን የከፈተችለት ሰው ማን እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ነበር። ፋይሉ ሲጫን ተቆርጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ የተነገረውን ርዝመት በስልኬ ላይ ከሚታየው ጋር አስተያያለሁ፤ ታሪኩን ለማያዳምጥ ሰው ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ሰከንዶች ሰጥቼ ተራኪው ስሙን ተናግሮ መሰናበቱን አስረግጣለሁ። ለራሴ ግን መጨረሻውን አልከፍተውም።

ስለ ባለቤትነትም አንድ ቃል መናገር ይገባል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት መብት የደራሲው ነው፤ ድርሰቱን በድምፅ አዘጋጅቶ ማሰራጨትም ፈቃዱን ይጠይቃል። የሚሸጥ ትረካ ካለ ይግዙት፤ ደራሲውና ተራኪው ሌላ ታሪክ እንዲያመጡልን ከፈለግን መንገዱ ይኸው ነው።

ቦታና ሰዓት

የቡና ሰዓት ለታሪክ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሆኖም ሁሉም ክፍሉ አይመችም። ቡናው ሲቆላ ይንጫጫል፣ ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ቃሉን ሁሉ ይውጠዋል፣ ሰውም ገና እየገባና ሰላምታ እየተለዋወጠ ነው። እኛ ቤት የምናደርገው እንዲህ ነው። አቦሉ ተቀድቶ ሁሉም ሲኒውን ከያዘ በኋላ ትረካው ይከፈታል፤ ጀበናው ለቶና ውሃ ተጨምሮበት እሳት ላይ ሲቆይ ታሪኩ መሐል ይደርሳል፤ ቶናው የሚቀዳው ታሪኩ ሲያልቅ ነው፣ ሃያና ሃያ አምስት ደቂቃ ለሚወስድ ታሪክ ልኩ ይህ ነው። ጭውውቱ በቶናና በበረካ ላይ ይሆናል። ቡና የምታፈላዋ አድማጭ መሆኗ መዘንጋት የለበትም፤ እሷ ስትነሳና ስትቀመጥ ታሪኩ የሚያመልጣት ከሆነ ማዳመጡ ከእሷ ጀምሮ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ፍም፣ ውሃና ስኳር አስቀድመው ከአጠገቧ ይቀመጡላት።

ክረምት ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ምሽት ዝናቡ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የስልክ ድምፅ ቀርቶ የሰው ጩኸት አይሰማም። ድምፁን ከፍ ማድረግ አይረዳም፤ ትንሹ ስፒከር ሲጮህ ቃሉን ይሰነጥቀዋል። ወይ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻ ይስሙ፣ ወይ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ። መብራት የሚጠፋበት ወቅት ስለሆነም ስልኩ ቀን ላይ ሞልቶ ይደር።

እጅ ሥራ ይዞ ማዳመጥ ይቻላል፤ ሥራውን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ጥጥ መፍተል፣ ምስር መልቀም፣ ሽንኩርት መላጥ፣ እርፍ መጥረብ ጆሮን ነጻ ይተዋሉ። እንዲያውም እንዝርት እያሾሩ የሚሰሙ እናቶች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ታሪኩን ሲይዙት አይቻለሁ። ገንዘብ መቁጠር፣ የሰው መልእክት ማንበብ፣ ልጅ ማስጠናት ግን ከትረካ ጋር አይሄዱም፤ ሁለቱም ቃል ይፈልጋሉና።

በጉዞ ላይ ለሚያዳምጥ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ እንደገና የሚወጣበት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጆሮ ይደፈናል፣ ድምፁም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ትረካውን ደጀን ላይ ይጀምሩና በሉማሜ በኩል ያለውን ደልዳላ መንገድ ይጠቀሙበት። በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ጆሮዎቹ አንዱን ለባጃጁና ለመኪናው ይተውለት።

የመጀመሪያው ማዳመጥ

ትረካውን ይክፈቱና እስኪያልቅ አይንኩት። ያልገባዎት ቃል ቢመጣ፣ የአንድ ሰው ስም ቢያመልጥዎት፣ አይመልሱት። ማጫወቻው ፍጥነት መጨመሪያ ቢኖረውም በመደበኛው ፍጥነት ይስሙ፤ ጥሩ ተራኪ በሁለት አረፍተ ነገሮች መካከል የሚያደርገው ዝምታ የታሪኩ አካል ነው፣ በአንድ ተኩል ፍጥነት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ዝምታ ነው። አልጋ ላይ ተጋድመው ማዳመጥ ከፈለጉ ለሁለተኛው ያቆዩት።

ምልልስ ሲመጣ የአማርኛን ጠባይ ማሰብ ይረዳል። በመጽሐፍ ላይ ትእምርተ ጥቅስ ተናጋሪውን ከተራኪው ይለይልናል፤ በጆሮ ግን እሱ የለም። ማሰሪያ አንቀጹም የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ አንድ ሰው ረጅም ቁጣ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ «አለ» ይሁን «አለች» አናውቅም። ስለዚህ የሰሙትን ንግግር ለአንድ ሰው ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ማሰሪያው እስኪመጣ በእጅዎ ይያዙት። «አሉ» ሲባል ደግሞ አንድ የሚከበር ሰው ይሁን ብዙ ሰዎች ከቃሉ ብቻ አይለይም፤ ከፊት ከነበረው ነገር ይለያል። ልምድ ሲዳብር ጥሩ ጸሐፊ ይህንን እንዴት እንደሚጠቀምበት ይታይዎታል፦ ለምሳሌ ሚስት ባሏን ታሪኩን ሙሉ «አንተ» ስትለው ቆይታ አንድ ቦታ ላይ «እርስዎ» ካለችው፣ በዚያች አንዲት ቃል ትዳሩ ፈርሷል። ይህን ለመስማት ጆሮ ከዓይን ይበልጣል።

ታሪኩ ሲያልቅ ወዲያው ሌላ እንዳይቀጥል አስቀድመው ማጫወቻውን ያስተካክሉት። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች የሚቀጥለውን ፋይል በራሳቸው ይከፍታሉ፤ የአንዱ ታሪክ የመጨረሻ ቃል ከሌላው የመጀመሪያ ቃል ጋር ሲጋጭ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ማንም አይናገር። በቤታችን ይህን ደንብ ማስለመድ ከሁሉም ከብዶን ነበር፤ አሁን ግን ሕፃናቱም ያከብሩታል።

በቃል መመለስ

ከሁለቱ ደቂቃ በኋላ አንድ ሰው ታሪኩን በራሱ ቃል ይመልሰው፤ ብቻዎን ከሆኑ ለራስዎ ይመልሱት፣ ቢቻል ድምፅዎን አውጥተው። ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። ትርጉሙን፣ ትምህርቱን፣ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ በዚህ ደረጃ አይንገሩ። ማን ነበረ፣ የት ነበረ፣ ምን ሆነ፣ በምን ተለያዩ፣ ይህ ብቻ ይበቃል። የሚመልሰው ሰው የሚደናቀፍበት ቦታ በሁለተኛው ማዳመጥ ላይ የምንፈልገው ቦታ ስለሆነ ማንም አያርመው።

ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች በዚህ ላይ የሚያመጡትን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ ምሽት አንድ ባለዕዳ ወደ አበዳሪው ቤት ሄዶ ስለሚለምንበት ታሪክ ሰምተን፣ እኔና ሌሎቹ ስለ ገንዘቡ መጠንና ስለ ቀነ ቀጠሮው ስንከራከር አክስቴ እንዝርቷን አቆመችና «ልጄ፣ ሰውየው እኮ ከገባ ጀምሮ ቁጭ በል ያለው የለም፤ ቆሞ ነው ሁሉንም የተናገረው» አለች። እውነቷን ነበር። ደግመን ስንሰማው ጸሐፊው በርጩማውን ጠቅሶታል፤ ድመት ተኝታበት ነበር፣ ማንም አላነሳትም። የታሪኩ ጭካኔ ሁሉ በዚያ በርጩማ ላይ ነበር፤ እኛ የተማርነው ሁሉ አልፈነዋል፣ ቤቷ የመጣን እንግዳ ሳታስቀምጥ አድራ የማታውቅ ሴት ግን ያዘችው።

ሁለተኛው ማዳመጥ

ቢቻል በማግስቱ ይሁን፤ ካልተቻለ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይለፍ። አሁን ማቆምና መመለስ ይፈቀዳል፤ ወረቀትና እስክርቢቶም ይያዙ። መጨረሻውን ስለሚያውቁት አሁን የሚያዳምጡት ነገሩ እንዴት እንደተሠራ ነው። በተለይም የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቀስ ብለው ይስሙ።

ነገሩ እንዲታይ አንድ አጀማመር እዚሁ ልፍጠር። «ሰውየው በቅሎዋን ከዋርካው ሥር አሰራት፤ ገመዱን ግን አላጠበቀውም። ወደ ግቢው ሲጠጋ ውሻው ተነሥቶ ቆመ፣ አልጮኸም። አሮጊቷ ከደጅ ተቀምጣ ነበር።» ቀጥሎ ሰውየው ውሃ ይለምናል፤ አሮጊቷ «አንተ መንገደኛ፣ ከየት ነህ?» ትለዋለች፤ እሱም የሌላ አገር ስም ይጠራላታል። ውሃውን ጠጥቶ ቅሉን ይመልስላታል፣ ወደ በቅሎዋም ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ መስመሮች አሮጊቷ ብዙ ዓመት የጠፋ ልጇን እንደምትጠብቅ ለጎረቤቷ ስትናገር እንሰማለን፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ያበቃል።

በመጀመሪያው ማዳመጥ የላላው ገመድ የደከመ ሰው ቸልተኝነት ይመስላል፤ ውሻውም ሰነፍ ውሻ ይሆናል። በሁለተኛው ግን ውሻው ያወቀውን እናቱ እንዳላወቀችው እንሰማለን፤ ገመዱም ሰውየው ገና ከመግባቱ በፊት ለመሄድ ልቡ እንደተከፈለ ይነግረናል። ጸሐፊው ይህን በምንም ቃል አላብራራውም፤ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አስቀምጦ አልፏል። በወረቀትዎ ላይ የሚጽፉት እንደነዚህ ያሉትን ነው፦ ያለ ምክንያት የተጠቀሰ የሚመስል ዕቃ፣ እንስሳ፣ የአየር ጠባይ፣ የአነጋገር ለውጥ። ከአጠገቡም ደቂቃውን ያስፍሩ፤ በጭውውት ጊዜ ክርክር ከተነሣ ወደዚያች ደቂቃ ተመልሶ አብሮ መስማት ይቻላልና። ከአምስት ወይም ከስድስት ነገር በላይ አይጻፉ፤ ሲበዛ ማዳመጡ ቀርቶ ጽሕፈት ይሆናል።

በጭውውቱ ላይ ሁሉም አንድ ትርጉም ላይ እንዲስማማ አልጠይቅም። የምጠይቀው ማንም የሚናገረውን ከሰማው ነገር እንዲያስደግፍ ነው፦ «የቱ ላይ ሰማኸው?» የሚለው ጥያቄ በትሕትና ከተጠየቀ፣ ሽማግሌውንም ተማሪውንም እኩል ያደርጋል። «የት ላይ ሰሙት፣ አባባ?» ብሎ የሚጠይቅ የስድስተኛ ክፍል ልጅና ደቂቃውን እየፈለጉ የሚመልሱለት አባት በአንድ መደብ ላይ ሲቀመጡ ማየት ለእኔ የዚህ ሥራ ሁሉ ዋጋ ነው።

የሚፈልጉት ታሪክ በድምፅ ከሌለ

መጽሐፉ በእጅዎ ካለና ማንበብ ለማይችሉ የቤተሰብ አባል ማሰማት ከፈለጉ፣ ለቤትዎ ብቻ የሚሆን ቅጂ በስልክዎ መቅዳት ይችላሉ። ባዶ ክፍልና የቆርቆሮ ጣራ ድምፅን ያስተጋባሉ፤ አንድ ጋቢ ከፊትዎ ባለው ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፣ ሌላውን ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉ፣ ማስተጋባቱ በጣም ይቀንሳል። ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስቀምጡት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽዎ እየመታው ይፈነዳል። የስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ይጫኑ፣ በቀረጻ መሐል ስልክ እንዳይደወል። ዶሮ ከመጮኹና ደወል ከመደወሉ በፊት ያለው ሌሊት ጸጥተኛ ነው።

ከመቅዳትዎ በፊት ታሪኩን አንድ ጊዜ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ፤ የሚጠብቀውን ቃል ከላዩ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉበት። የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ድምፅ ለመቀየር አይታገሉ፤ የሴትን ድምፅ ወንድ ሲያስመስል፣ የሽማግሌውን ድምፅ ልጅ ሲያስመስል አድማጩ ታሪኩን ትቶ ተራኪውን ማየት ይጀምራል። በሁለት ተናጋሪዎች መካከል ትንፋሽ ያህል ቆም ማለት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች እንደቀዱም አቁመው ለእኚያው አድማጭ ያሰሟቸው፤ «ፈጠንህብኝ» ካሉዎት ከመጀመሪያው ይጀምሩት፣ «ቀጥል» ካሉዎት እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው።